በሁዳዴ 3 ኪሎ ጨመርኩ

ጥያቄ፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 4 ዓመት ሆነኝ፤ ያኔ የመጣው ኪሎ አልወርድ ብሎ ጭራሽ እየጨመረ ሄደ። ሥራዬ ሱቅ ነው፣ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጬ እውላለሁ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ እግረ መንገዴን እቀንሳለሁ ብዬ ነበር። ሥጋም ወተትም ሳልቀምስ፣ እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ ቆይቼ ለፋሲካ ስመዘን 3 ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ። አለቀስኩ። ጾሜን የምፈታው ከሱቄ ፊት ለፊት በሚጠበሰው ፓስቲና ሳንቡሳ፣ ከለስላሳ ጋር ነው። ማታ ማካሮኒ ወይም ሽሮ እሠራለሁ። ሻይ በቀን 4 ጊዜ፣ በ3 ማንኪያ ስኳር እጠጣለሁ። ሰሞኑን ግፊቴን ስለካ ደግሞ 145 በ92 አሉኝ። ጓደኞቼ እንጀራ ተዪ፣ በአጃና በታሸገ ጥቁር ዳቦ ቀይሪው ይሉኛል። አንዷ በቴሌግራም የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይ አምጥታልኛለች፤ ገና አልከፈትኩትም። አማቴ በበኩላቸው ‹ከስተሽ ሰው ምን ይለኛል?› እያሉ ጨምረው ያቀርቡልኛል። ምን ልተው? ምን ልብላ?»

ግራ የገባኝ፣ ከሽምብጥ

መልስ፦

እህቴ፣ ሻዩን አትክፈቺው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን፤ እሱን ግን ዛሬውኑ ከቤት አውጪው። በማቅጠኛ ስም ከሚሸጡት ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ እናቶቻችን የሆድ ድርቀት ሲጠና የሚያፈሉት ያው ቅጠል። ሆድ ያስኬዳል፣ ውኃ ያስወጣል፣ ሚዛኑም ወርዶ ይታያል። ስቡ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስመላለስ ከርሜ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ባቆምኩት በ4ኛው ቀን ኪሎው ተመልሶ ቁጭ አለ። ከዚህ የከፋም አለ። በውስጣቸው ምን እንዳለ ሳይጻፍ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ የማቅጠኛ እንክብሎችና ዱቄቶች ውስጥ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደባልቆ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ መድኃኒት በልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዝን አደጋ ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ግፊትም ይጨምራል። ግፊቷ 145 የደረሰ ሴት በውስጡ ያለውን የማታውቀውን ነገር ልትቀምስ አይገባትም።

ስለ ግፊትሽ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ተለክቶ ከፍ ማለቱ ብቻውን የግፊት በሽተኛ አያሰኝሽም። ቡና ጠጥተሽ፣ በፀሐይ ተጉዘሽ፣ ገና ቁጭ እንዳልሽ ከተለካሽ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጤና ጣቢያ ሂጂና ጀርባሽን ደገፍ አድርገሽ፣ እግርሽን ሳታጣምሪ 5 ደቂቃ ዐርፈሽ ተለኪ። በሌላ ቀንም ድገሚው። ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሐኪም ክትትል ያስፈልግሻል፤ እኔ በዓምድ የምጽፍልሽ ምክር የሱን ቦታ አይተካም። በዚያው የስኳር ምርመራም አድርጊ። ይህን የምታነቡ ሌሎች እህቶችና ወንድሞችም፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ምግብ ከመቀነሳችሁ ወይም ጾም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

አሁን ወደ ሁዳዴው እንምጣ። «አለቀስኩ» ያልሽው ልቤን ነክቶታል፤ 55 ቀን ሙሉ ታግሰሽ የጾምሽውን ጾም ሚዛን ላይ ቆመሽ እንዳፈርሽበት ሆኖ ተሰማኝ። ጾምሽ ምንም አልጎደለውም። ጾም ለነፍስሽ ብለሽ የያዝሽው ነው፣ የኪሎ ሒሳብ ውስጥ አታስገቢው። የጨመርሽው ከሥጋና ከወተት ስለራቅሽ ሳይሆን በቦታቸው በገባው ነገር ነው። በዚህ ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። «የጾም» የሚል ቃል የተጻፈበት ሁሉ ቀሊል ይመስለናል። የጾም ኬክ፣ የጾም ብስኩት፣ የጾም ክሬም እያሉ ሱቆች በሁዳዴ ይሞላሉ። ቅቤና እንቁላል የሉበትም፣ እውነት ነው። ያለበት ግን ፍርኖ ዱቄት፣ ስኳርና የሚረጋ ዘይት ነው።

ፓስቲ ሲጠበስ ቆመሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሊጡ ዘይቱ ውስጥ ሲጣል መጀመሪያ ይሰምጣል፤ ከዚያ ተነፍቶ ይንሳፈፋል፣ ይገላበጣል። ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ወረቀቱ ከሥሩ ያለው ነገር እስኪታይበት ድረስ በዘይት ይርሳል። ያ ወረቀቱ የጠጣው ብቻ ነው፤ ሊጡ የጠጣው ወደ ሆድሽ ይገባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሁለት ፓስቲና አንድ ሳንቡሳ በልተሽ ስንት ማንኪያ እንደጠጣሽ አንቺም እኔም አናውቅም። እስከ 9 ሰዓት ባዶውን የቆየ ሆድ ደግሞ አይመርጥም፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ይበላል። ለዚህ ነው በዚያ ሰዓት ፊትሽ ምን እንደሚቀርብ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት የምልሽ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስኳሩን አብረን እንቁጠረው። በቀን 4 ሻይ በ3 ማንኪያ 12 ማንኪያ ይሆናል፤ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ቢይዝ 48 ግራም ነው። የ300 ሚሊ ሊትሩ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ይጨምርበታል። ወደ 80 ግራም ተጠጋሽ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህን ሁሉ ስኳር በልተሽው አልጠገብሽም፤ በፈሳሽ ስለገባ ሆድሽ አልቆጠረውም። ከምግብሽ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትቀንሺ ለውጥ የምታዪበት ቦታ ይኸው ነው። ለስላሳውን ጨርሰሽ ተዪው፤ ለክብረ በዓል ይቆይ። የሻዩን ስኳር በሳምንት ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሽ ከአንድ በታች አድርሺው። ምላስ ይለምዳል፤ በወሩ የድሮው ሻይ ሽሮፕ ይሆንብሻል። ስኳሩን በጎጃም ማር ልተካው ካልሽ ደግሞ፣ ማር መልካም ነገር ነው፣ ለኪሎ ግን ከስኳር አይለይም።

«ያልተቀነባበረ ምግብ ብሉ» የሚለው ምክር የወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ኬቨን ሆል የተባሉ ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለ4 ሳምንት ተቋሙ ውስጥ አስቀምጠው መገቧቸው። 2ቱን ሳምንት የቀረበላቸው በብዛት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ ነበር፤ 2ቱን ሳምንት ደግሞ ከተፈጥሮው ብዙም ያልራቀ። በሁለቱም ጊዜ የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሠር (ፋይበር) ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፣ በ2 ሳምንትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጨመሩ። በሌላው ምግብ ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም ተራቡ አላላቸውም። ከታዩት ነገሮች አንዱ የፋብሪካውን ምግብ ሲበሉ ይቸኩሉ እንደነበር ነው። አንቺም ሞክሪው፤ አንድ እፍኝ የሽምብራ ንፍሮ ለመጨረስ ስንት ጊዜ ታኝኪያለሽ? ብስኩቱስ?

ወደ እንጀራ ስንመጣ በጓደኞችሽ ምክር አልስማማም። ጤፍ ከማነሱ የተነሳ ገለባውን ፈትጎ መጣል ስለማይቻል ከነሙሉነቱ ይፈጫል። ሌላው ዓለም «ያልተፈተገ እህል ብሉ» እየተባለ ሲመከር እኛ ሞሰባችን ላይ አለን። እሱን ትተሽ በላስቲክ የታሸገ ጥቁር ዳቦ ብትገዢ፣ አንዳንዱ ፍርኖ ዱቄት ሆኖ ቀለም ብቻ የተጨመረበት ነው። ማሸጊያውን አዙረሽ መጀመሪያ የተጻፈውን አንብቢ፤ የስንዴ ዱቄት ብቻ ካለ ነጭ ዳቦ ነው። አጃ ስኳር ያልገባበት ከሆነ መልካም ቁርስ ነው፣ ከጤፍ ግን አይበልጥም። የጤፍ ዋጋ የማይቀመስ ሆኖ ብዙዎቻችን የፎገራ ሩዝ እየቀላቀልን እንደምንጋግር አውቃለሁ፤ አልፈርድም። ነጭ ሩዝ ግን ገለባውን ያጣ ነው። መቀላቀል ካለብሽ ዳጉሳ አድርጊበት። የጎጃም እናቶች ሲጋግሩት የኖሩት ነው፤ ከነገለባው የሚፈጭና በካልሲየም የበለጸገ ነው። እንጀራው ጠቆር ይላል፤ ልጆችሽ ይለምዱታል።

ቢሆንም ልክ አለው። አንድ እንጀራ በልቶ ወጡ ስለተረፈ ብቻ ግማሽ መድገም፣ ከዚያ የልጆችን ትርፍ መጥረግ የእናቶች ሁሉ ልማድ ነው። ሳህንሽ ላይ ወጡ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። ጎመን፣ ዱባ፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ምስር ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንዱ እንጀራ ይበቃል።

ለኔ ትልቁ ጉዳይ ዘይቱ ነው። ዛሬ ማታ ሽሮ ስትሠሪ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እንደ ልማድሽ ከጀሪካኑ ወደ ድስቱ ከማንቆርቆርሽ በፊት፣ የምትጨምሪውን ያህል መጀመሪያ ብርጭቆ ውስጥ ቅጂውና ተመልከቺው። ከዚያ በሾርባ ማንኪያ እየቆጠርሽ ወደ ድስቱ ጨምሪው። እኔ ሳደርገው 9 ማንኪያ ሆነ፤ ለ4 ሰው ሽሮ! ከሺህ ካሎሪ በላይ ዘይት ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ታደርግ ወደነበረው ተመለስኩ። ሽንኩርቱን አድቅቄ በደረቁ አቁላላለሁ፤ እሳቱ መጠነኛ ይሁን፣ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ እያደረግሽ አማስዪው። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሩብ ሰዓት አልፎ ሽንኩርቱ ሟሙቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ራሱ ጣፋጭ ይሆናል። በርበሬውን በውኃ አብስዪ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ማንኪያ ዘይት። ሽሮው ገብቶ ሲንተከተክ ልዩነቱን ባልሽ አያውቀውም። ከተገኘ የኑግ ዘይት ይሁን፤ የሚረጋውን ብትተዪው ለልብሽም ደግ ነው። የሾርባ ቅመም ኩቡን ግን ተዪው፣ ጨው ነው። ለግፊት ጨውም መቀነስ ያስፈልጋል፤ የቀኑ ልክ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ዓሣ የጣና ዳር ሰው ስለሆንሽ ሳላነሳው አላልፍም። ጾሙ ሲፈታ ከሥጋ ይልቅ ዓሣ ብታዘወትሪ ደስ ይለኛል። ግን ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን የምንበላው ቆሮሶ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ደርቆ የወጣ ነው። ቤት ውስጥ ወጥ አድርጊው፣ ወይ በሎሚ፣ በቃሪያና በቲማቲም ቀቅለሽ ሾርባውን ጠጪ። እናቴ አምባዛን በደረቅ ቁሌት ነበር የምትሠራው፤ ሎሚውን መጨረሻ ላይ ትጨምቅበትና ቤቱ ሁሉ ይሸታል። እንቁላልና አሬራም በፍስክ ጊዜ ከሳህንሽ አይጥፉ።

ጁስ ቤቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ስፕሪስ ፍራፍሬ ቢሆንም ከ3 እና 4 ፍሬ ተፈጭቶ ስኳር የተጨመረበት ነው። ማንጎውንና ዘይቱኑን ገዝተሽ በጥርስሽ ብዪው።

አሁን ወደ 9 ሰዓቷ ልመለስ። የቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ሽምብራ፣ ስንዴና ባቄላ ግዢ። ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ፣ ጧት ልጆቹን ስታዘጋጂ ቀቅለሽ በምሳ ዕቃ ይዘሽ ወደ ሱቅ ሂጂ። ትንሽ ጨው፣ ቃሪያ ከፈለግሽ። የምሳ ዕቃው ገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ እጅሽ የሚደርስበት ይቀመጥ። 9 ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ ውኃ ጠጪ፣ ከዚያ ንፍሮውን ብዪ፣ ከዚያ ሙዝ ወይም የዘይቱን ፍሬ። ጠግበሽ ወደ ፓስቲው ብትመለከቺ እንኳ አንድ ብቻ ነው የምትበዪው፣ እሱም አያስጨንቅሽ። ቤት ስትደርሺ ማካሮኒውን በምስር ወይም በጎመን ለውጪው። በበሶም ቢሆን ይቻላል፤ በውኃና በጨው በጥብጠሽ፣ ስኳር ሳታስገቢ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ እስከዚያ ረቡዕና ዓርብን እየሞከርሽ ልመጂው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ያልተቀነባበረ ነው ማለት የፈለጉትን ያህል ይበላል ማለት አይደለም። ቆሎ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ ጤናማ ናቸው፤ ቡና እየተጠጣ ከጎድጓዳ ሳህን የሚታፈስ ለውዝ ግን ሳይታወቅ የአንድ ምሳ ያህል ይሆናል። በእፍኝ ለክተሽ ያዢና ሳህኑን ወደ ሌላው አሳልፊው።

ፍጥነቱስ? በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብትቀንሺ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ሳምንት ምንም ላይቀንስ ይችላል። 60 ኪሎ ልግባ ብለሽ አትነሺ። የመጀመሪያው ግብሽ 4 ኪሎ ይሁን፣ ከክብደትሽ 5 በመቶ መሆኑ ነው፤ ይህችን ያህል መቀነስ እንኳ ለግፊትና ለስኳር እንደሚረዳ የታወቀ ነው። በየ2 ሳምንቱ ጧት፣ ከመብላትሽ በፊት ተመዘኚ፤ በየቀኑ ሚዛን ላይ መውጣት ሐዘን ብቻ ነው ትርፉ። ከሱቅ ወደ ቤት ባጃጁን ትተሽ ግማሹን መንገድ በእግርሽ ሂጂ። ከተማችን ሜዳ ነው፣ ብስክሌት ካለሽም እንደ ድሮው ንጂ። በቀን 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን በቂ ነው። በእንቅስቃሴ ነዶ የሚቀንሰው ኪሎ ጥቂት ነው፤ ለግፊትሽና ለእንቅልፍሽ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አማትሽን አትቆጪባቸው። እሳቸው ያደጉበት ዘመን መክሳት ረሃብና በሽታ የነበረበት ነው፤ ጨምረው የሚያቀርቡልሽ ስለሚወዱሽ ነው። «ልቀጥን ነው» አትበያቸው። «እማዬ፣ ግፊቴ 145 ሆኗል፣ ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው» በያቸው፤ ግፊት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ከዘመዶቻቸው አንዱን ሳይጥልባቸው አልቀረም። ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ባቄላውን ማን ይዘፍዝፍ? ዳጉሳውን ማን አበጥሮ ወፍጮ ቤት ይላክ? ለአሬራው እርጎው እንዴት እንደሚገፋ ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ቤትሽ ውስጥ የለም። ማብላቱን አትከልክያቸው፤ የሚያበሉሽን አንቺ ምረጪላቸው። ጧት የምሳ ዕቃሽን እሳቸው ሞልተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ በእጅሽ ያስይዙሽ።